ፕላኑን የሰራው ማነው? (ለሰሜን ሸዋ ከተሞች የግንባታ ፈቃድ ባለሙያዎች ግልጽ ደብዳቤ)

ይድረስ በሰሜን ሸዋ ከተሞች የግንባታ ፈቃድ ለምትሰጡ፣ ፕላን ለምትመረምሩና ፊርማ ለምታሳርፉ ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፣ በጋቢ ተጠቅልዬ መሆኑን ገምቱልኝ፣ የፊደል ስህተት ካገኛችሁም በብርዱ አመካኙልኝ። ይሄን ነገር በማመልከቻ መልክ ጽፌ መዝገብ ቤት ማስገባት እችል ነበር፣ ግን ማመልከቻ የሚገባው አንድ ቢሮ ነው፣ የኔ ጉዳይ ደሞ የአንድ ቢሮ ጉዳይ አይደለም፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ያለ ነው፣ ስለዚህ ሁላችሁም አንድ ላይ ብታነቡት ይሻላል ብዬ ነው።

"ይቺ ልጅ ስራ አጥታ ነው የምትነጫነጨው" ሳትሉኝ በፊት ጥያቄዬን ቶሎ ልናገር። ፕላን ስታዩ ከወረቀቱ ታች በስተቀኝ ያለችውን ሳጥን ታውቋታላችሁ፣ ታይትል ብሎክ የምንላትን። እዛ ውስጥ ሦስት መስመር አለ፣ ድሮውን ባይ፣ ቼክድ ባይ፣ አፕሩቭድ ባይ። የሰራው፣ ያየው፣ ያጸደቀው ማለት ነው። የመጀመሪያዋ መስመር ባዶ ሆና የመጣችበትን ፕላን አትቀበሉ። በቃ ይሄው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

ያደግኩት መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ትንሽ ወጣ ብሎ አያቴ ቤት። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ በጣም ከመወፈሩ የተነሳ ልጅ ሆኜ መስኮቱ ላይ ወጥቼ እግሬን ዘርግቼ ሳጠና ጫማዬ ከውጪው ጠርዝ አያልፍም ነበር። ጣሪያው የጓሳ ክዳን ነበር፣ በኋላ ነው ቆርቆሮ የሆነው፣ ቆርቆሮ የሆነ ጊዜ አያቴ "ቤቴ ሰው ጠላ፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ደሞ አያስወራም" እያለች አንድ ክረምት ሙሉ አማረረች። ጓሳ ድሮ ማንም ተነስቶ የሚያጭደው ሣር አልነበረም፣ የቄሮ ስርዓት የሚባል ነበረው፣ ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ ጥበቃውን የሚመራው ሰው አባ ቄራ ይባላል፣ ሕዝቡ ነው የሚመርጠው፣ ሣሩ ያለቀኑ ታጭዶ ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ነው ያ ስርዓት የፈረሰው፣ እኔ ወሬውን ነው የደረስኩበት። ትዝታ ልደረድርባችሁ ብዬ አይደለም ይሄን ያነሳሁት፣ ለክዳን ሣር እንኳ ተጠያቂው በስሙ በሚታወቅበት አገር ለፎቅ ቤት ስም ጠፋ ልላችሁ ነው።

አርክቴክቸር አምስት ዓመት ነው። አካውንቲንግ የገቡት እኩዮቼ ተመርቀው ስራ ይዘው ሽማግሌ ሲላክላቸው እኛ ስቱዲዮ ወለል ላይ ተንበርክከን ካርቶን በምላጭ እንቆርጥ ነበር። ጁሪ የሚባል ነገር አለ፣ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ስራውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ አስተማሪዎች ፊት ይቆማል፣ "ይሄ ደረጃ ወዴት ነው የሚወስደኝ?" "ፀሐይዋ በየት ነው የምትገባው?" እየተባለ ይጠየቃል፣ የሚያለቅስም አለ፣ እኔ ሁለቴ አልቅሻለሁ። ግን በአምስቱ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስም የሌለው ስራ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም። መጥፎ ስራም ቢሆን ባለቤት ነበረው።

ተመርቄ ስመጣ ዘመድ ሁሉ ኢንጅነር ይለኛል። አይ እኔ አርክቴክት ነኝ እላለሁ፣ "እሱ ደሞ ምንድነው?" "ፕላን የሚሰራ" "እና ኢንጅነር ነኝ አትይም!" ተውኩት። ሳይት ስሄድ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ፎርማኑ አየት ያደርገኝና "እህቴ፣ ኢንጅነሩ የት ቀረ?" ይለኛል።

የገባሁበትን ቢሮ ስሙን አልጠራም፣ መጥፎ ሰዎች አይደሉም፣ ሻይ ይጋብዛሉ፣ ደሞዝ ነው እንጂ የሚያዘገዩት። ስራው እንዲህ ነው። ቤት አሰሪው ካርታውን ይዞ ይመጣል፣ "ጂ ፕላስ ዋን፣ ሦስት መኝታ፣ ሳሎኑ ሰፋ ይበል፣ በሳምንት ይድረስልኝ" ይላል። እኔ አውቶካድ ላይ እሰራዋለሁ፣ ስኬችአፕ ላይ አቆመዋለሁ፣ መብራት ካልሄደ ሬንደር፣ ማለትም ቤቱ ሲያልቅ የሚመስለውን ምስል፣ አወጣለሁ (መብራት የሚሄደው ሁሌ ሬንደሩ ዘጠና ፐርሰንት ሲደርስ ነው፣ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው)። ሲያልቅ ኤ ስሪ ላይ ይታተምና በሚኒባስ ሹፌር እጅ አዲስ አበባ ይላካል፣ 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ ማህተም ተመቶበት ማታ ተመልሶ ይመጣል። ማህተሙ የአንድ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ሰውየውን በአካል አይቼው አላውቅም፣ ድምጹን ግን አውቀዋለሁ፣ አንዴ ደውሎ "ገጽ ሰባት ላይ ማህተም የምመታበት ቦታ አልተውሽልኝም" ብሎኛል። ስለ ደረጃው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ቦታው ተዳፋት፣ ስለ ምኑም ጠይቆኝ አያውቅም።

ድሮውን ባይ የሚለው ላይ ስሜን ጽፌ የላክሁበት ጊዜ ነበር። ሲመለስ በፍሉድ ተደልዞ መጣ። አለቃዬን ስጠይቀው "ፈቃድ ክፍል ያሉት ግራ እንዳይጋቡ ብለን ነው፣ ሁለት ስም ሲያዩ ጥያቄ ያበዛሉ" አለኝ። ግራ የሚጋቡት እንግዲህ እናንተ መሆናችሁ ነው። ጥያቄ ብታበዙ ምን ነበረበት?

የዚህ ሙያ መንገድ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ይሄን የሚያነብ ቤት አሰሪ ላያውቀው ስለሚችል ግን ባጭሩ ልበለው። ዲግሪህን ስትይዝ ግራጁዌት ነህ። ከዛ ፕሮፌሽናል፣ ከዛ ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል ትሆናለህ። ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሻገር ዕድሜ መቁጠር አይበቃም፣ የሰራኸውን ማሳየት አለብህ፣ የስራ ልምድ ደብዳቤ ከነስራው። እንግዲህ አስቡት፣ እኔ በሁለት ዓመት ከምናምን 31 ቤት ሰርቻለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ መስሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣና "የሰራችኋቸውን ፕላኖች ይዛችሁ ቅረቡ" አለ፣ 31ዱንም ጠቅልዬ እንደ ጭድ ተሸክሜ ሄድኩ። ጠያቂው ሰውዬ ጨዋ ነበር፣ ሳይቸኩል አንድ በአንድ ገለጣቸው፣ ታች ጥጉን ያያል፣ ይገልጣል፣ ጥጉን ያያል፣ ይገልጣል። መጨረሻ ላይ "እህቴ፣ የትኛው ላይ ነው ስምሽ?" አለኝ። ምን ልበለው፣ ጋሼ ፍሉዱን በጥፍርዎ ቢፍቁት ይታያል ልበለው? ጥቅልሌን ይዤ ወጣሁ። ስራውን ያገኘው ልጅ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ አላውቅም፣ ስሙ ያለበት ሁለት ወረቀት ግን ነበረው።

እኔ ብቻዬን ብጎዳ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር፣ ለእናቴ ደውዬ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። የምጽፈው ጉዳቱ ከተማችሁ ላይ ቆሞ ስለሚታይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ላይ አመዳዩ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል። ከዚህ ተነስታችሁ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቦረቦረውን ዋሻ አልፋችሁ በደብረ ሲና ቁልቁለቱን ስትያያዙት መጀመሪያ ጃኬት ታወልቃላችሁ፣ ከዛ ሹራብ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፣ ሸሚዙም ይከብዳችኋል። መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም እኮ። በዚህ መንገድ ላይ ግን አንድ አይነት ፕላን ከላይ ታች ይመላለሳል፣ በፍላሽ፣ በቴሌግራም። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ፣ ለሸዋ ሮቢት የሰራሁትን ጂ ፕላስ ዋን አለቃዬ "ሚረር አድርጊውና የባለቤቱን ስም ቀይሪ፣ ለደብረ ብርሃኑ ሰውዬ ይሆናል" አለኝ፣ ደሞዝ የደረሰበት ሳምንት ነበር፣ አደረግኩት።

ሚረር ማድረግ፣ ፕላኑን እንደ መስታወት ምስል መገልበጥ ማለት ነው፣ አንድ ክሊክ ነው፣ ፀሐይዋ ግን ሚረር አትሆንም። በኛ አካባቢ ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ 57 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የምትውለው፣ ሰኔ ላይ ደሞ አናታችንን አልፋ ትንሽ ወደ ሰሜን ትላለች። ስለዚህ ብርዱ በሚከፋበት ወቅት ቤትህ የሚሞቀው ሳሎንህ በደቡብ በኩል መስኮት ካለው ነው። ያንን ቤት ሳገላብጠው የሳሎኑ ትልቁ መስታወት ወደ ሰሜን ዞረ፣ ሽንት ቤቱ ወደ ደቡብ። ሰውየው አሁን በራሱ ሳሎን ጋቢ ለብሶ ይቀመጣል፣ ሽንት ቤቱ ፀሐይ ይሞቃል። ሸዋ ሮቢት ያለው ደሞ በዛው መስታወት ይቀቀላል። የአያቴን ቤት የሰራው ግንበኛ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፣ ግን ነፋሱ በየት እንደሚመጣ ሳይጠይቅ በር አላወጣም፣ ምክንያቱም ሲበርዳት "አንተ እገሌ!" ብላ ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጮህበታለቻ።

ካራቆሬ፣ ማጀቴ፣ አጣዬ አካባቢ ያላችሁ ደሞ የባሰ ጉዳይ አላችሁ፣ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ናችሁ። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈራርሳለች። አሁን እዛ ፎቅ እየተሰራ ነው፣ ይሰራ፣ ደስ ይላል። በ2001 ዓ.ም. በወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ህንፃ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ ሲመደብ ባለ አንድ ፎቁ ምድብ ለ፣ ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጠው ምድብ ሐ የተባለው ቤቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጥንቃቄውም ከፍ እንዲል ነው እንጂ ፋይሉ እንዲያምር አይደለም። ቦታውን ረግጦት የማያውቅ ሰው ማህተም ቢመታበት ምኑ ነው ከፍ ያለው?

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፣ ይሄን ሳልናገር ይሄን ደብዳቤ መጻፍ አልችልም።

ከ31ዱ ቤት ሳይት የሄድኩት ሦስቱ ጋር ብቻ ነው። ቤት አሰሪው ለክትትል አይከፍልም፣ ቢሮውም በራሱ ትራንስፖርት አይልከኝም፣ ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ቤቱ ምን እንደሆነ አላውቅም። ባለፈው ጥር አከራዬ እትዬ ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አብሬያቸው ሄድኩ። አዲስ ጂ ፕላስ ዋን ነው፣ ግቢው ገና ሲሚንቶ አልለበሰም፣ በሩ ላይ ስደርስ አወቅኩት። የኔ ነው። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ ፊቴ ፈገግ ሊል ነበር፣ ተቆጣጠርኩት። ሳሎኑ ደህና ነው፣ ብርሃኑ እንዳሰብኩት ገብቷል። ከዛ ፎቅ ላይ ያሉትን ሰዎች ልንጠይቅ በደረጃው ስንወጣ ከፊቴ ያሉት ሁሉ አንድ ቦታ ሲደርሱ ጎንበስ ይላሉ፣ አንዱ ጎንበስ፣ ሌላው ጎንበስ፣ ቤተክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው። እኔ ቀና ስል ቢሙ ላይ፣ ፎቁን የተሸከመው አግዳሚ ኮንክሪት ላይ፣ አጎዛ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሮበታል።

ወዲያው ገባኝ። ከእርከኑ እስከ ቢሙ ድረስ ሁለት ሜትር መሆን ነበረበት፣ በዓይኔ ስለካው አንድ ሰባ ቢሆን ነው። ፕላኑን ስሰራ የሶሌታውን (የፎቁን ወለል ኮንክሪት) ውፍረት ቆጥሬ ከሶሌታው በታች 30 ሴንቲ የሚወርደውን ቢም ረስቼዋለሁ። ጁሪ ላይ ቢሆን ኖሮ አስተማሪው በአምስት ደቂቃ ያያት ነበር። ማህተም የመታው ሰው አላያትም፣ አለቃዬ አላያትም፣ እናንተም አላያችኋትም፣ እኔም አላየኋት።

የቤቱ እናት ቡና ላይ ነገሩን፣ ሐዘን ላይ ሆነው እንኳ ትንሽ ሳቅ አሉ። "ልጄ ሦስቴ ተመታ፣ እኔ ሁለቴ፣ ለገና የታረደውን በግ አጎዛውን አሰርንበትና ተገላገልን። ፕላኑን የሰራው ማነው ብለን ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም አስነብበን ስልኩን አፈላልገን ደወልንለት፣ 'የት ከተማ ነው?' አለን።"

አከራዬ ዞር ብለው አዩኝ፣ ምን እንደምሰራ ያውቃሉ። እኔ አቦሉን ጠጣሁ። ቶናውንም ጠጣሁ። በረካውን ሳልጠብቅ ስራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ስሜ እዛ ወረቀት ላይ ቢኖር አፍሬ ነበር፣ አዎ። ግን ሌላም ነገር ይሆን ነበር። ግንበኛው ፌሮ ሊያስር ሲል ነገሩ አልጥም ብሎት ነበር አሉ፣ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ወረቀቱ እንዳለው ሰራው። ስም ከነስልኩ ቢያገኝ ደውሎ "እህት፣ ይሄ ነገር ዝቅ አላለም?" ይለኝ ነበር፣ ኮንክሪት ሳይሞላ እናስተካክለው ነበር፣ አጎዛውም መደብ ላይ ተነጥፎ ሰው ይቀመጥበት ነበር። ለዚህ ነው ስም ይጻፍ ስላችሁ ሹመት የጠየቅኩ እንዳይመስላችሁ የምለምነው፣ የሚያመሰግነኝ ሰው እንዲያገኘኝ ብቻ አይደለም፣ የሚሰድበኝም እንዲያገኘኝ ነው።

"በህግ ተጠያቂው ባለማህተሙ ነው" ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፣ እሱን አልነካሁትም፣ ሦስተኛው መስመር የሱ ነው ይቀጥል። እኔ የምለው የመጀመሪያውን ነው፣ ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ ስልክ። መመሪያ ማሻሻል አይፈልግም፣ በጀት አይፈልግም፣ መስመሩ ድሮም ወረቀቱ ላይ አለ፣ ባዶ ሆኖ ወይ ተደልዞ ሲመጣ "ሞልተሽው ነይ" ብሎ መመለስ ብቻ ነው። ካርታ ላይ አንድ ፊርማ ሲጎድል ሰውን ስንት ቀን እንደምታመላልሱ እናውቃለን እኮ፣ ያንን ጉልበት ትንሽ እዚህ ላይ አውሉልን። ስም የጻፈው ልጅ ሲደወልለት ቦታውን ያየ መሆን አለመሆኑ በሁለት ጥያቄ ይለያል፣ "መንገዱ በየት በኩል ነው?" በሉት፣ "ቦታው ወደየት ነው የሚያዘቀዝቀው?" በሉት። ካላወቀ መልሱት፣ እኔም ብሆን።

ቤት አሰሪዎች ደሞ፣ ማህተም ስንት ነው ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ማን ነው የሚሰራው በሉ፣ ቦታችሁን ውሰዱና አሳዩት፣ የሚኒባስ ሒሳብ ነው።

ይቺ ደብዳቤ ራሷ ስም የላትም ብላችሁ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ስሜን ብጽፈው ቢሮው ይታወቃል፣ የሁለት ወር ደሞዝ ደሞ እዛ አለኝ። እሱ ግን ምክንያቱ ግማሹ ነው፣ ስሜን ከናንተ በፊት መስማት ያለባቸው ሰው አሉ። ለሳቸው አከራዬ ያነቡላቸዋል።

እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት። የዛን ቀን በረካውን ሳልጠጣ የወጣሁት ስራ ኖሮኝ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ፣ ደረጃውን ሁለት እርከን ያህል ወደ ውስጥ መግፋት ይቻል ይመስለኛል፣ ለክቼ ሳላየው ግን ቃል አልገባም፣ እስከዛ አጎዛውን እንዳትፈቱት። ፕላኑን የሰራው ማነው ብለው ነበር። እኔ ነኝ።